የቦራ ትንፋሽ፣ ጠዋትና ማታ

አይናዲስ የቀን ሥራዋን የምትጀምረው በመቁጠር ነው። የእንስሳት ጤና ኬላውን በር ከፍታ፣ ጋዋኗን ደርባ፣ ደጅ ከተሰለፉት ከብቶች ከመጀመሪያው ጎን ትቆማለች። የግራ እጇን እጅጌ ሰብስባ ሰዓቷን ትገልጣለች፤ ዓይኗን ከእንስሳው ሽንጥ ላይ ትተክላለች፤ ከዚያ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፍሽ አትልም። ባለቤቱ "ዶክተር፣ ይኼ በሬ እኮ..." ብሎ ከጀመረ ቀኝ እጇን ከፍ አድርጋ ታስቆመዋለች። አገሬው ስለለመዳት ሰላምታውን እንኳ ደቂቃው እስኪሞላ ያቆየዋል። ለምን እንደሆነ ሲጠይቋት፣ "መጀመሪያ ከብቱ ይናገር፤ ሰው ሁልጊዜም ይደርሳል" ትላለች።

"ዶክተር" የሚላት ሰዉ ነው እንጂ እሷ ዶክተር አይደለችም። ቁይ ከተማ ተወልዳ አድጋ፣ በእንስሳት ጤና በዲፕሎማ ተመርቃ፣ ከደብረ ኤልያስ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ በምትርቅ ቀበሌ ከተመደበች አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። ማዳመጫ፣ ቴርሞሜትር፣ ጥቂት መርፌና መድኃኒት አላት። ማይክሮስኮፕ የለም፤ ወደ ሳንባ የሚገባ ካሜራ ያየችው በሥልጠና ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ኅዳር ሊጋመስ ሲል አንሙት የሚባል የሃምሳ ስምንት ዓመት ገበሬ ፈረሱን እየሳበ መጣ። ፈረሱ ጥቁር ሆኖ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ስላለው ቦራ ይሉታል። በዚያ አገር ጥምቀት ካለፈ በማግሥቱ፣ ጥር 12 ቀን፣ የሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ ሲመለስ ፈረሰኞች በሜዳው ላይ ሽምጥ ይወዳደራሉ። ቦራ በስድስት ጥምቀት አራት ጊዜ አንደኛ ወጥቷል፤ ጋላቢውም ራሱ አንሙት ነው። አሁን ግን ሁለት መቶ እርምጃ በሶምሶማ ሳይሄድ ቆሞ ያስላል። ጆሮውን ዘቅዝቆ፣ አንገቱን አስግጎ፣ ከሆዱ ጀምሮ እየተናጠ ነው የሚያስለው።

አይናዲስ ቆጠረች። የደህና ፈረስ ትንፋሽ በደቂቃ ከአሥራ ስድስት አይበልጥም፤ የቦራ ሃያ ስምንት ነበር። ከአፍንጫው ነጭ ንፍጥ ይወርዳል። የሳንባ ምች ነው ብላ ደመደመችና ለአምስት ቀን የሚሆን አንቲባዮቲክ ወጋችው። ቴርሞሜትሩ ሠላሳ ሰባት ነጥብ ስምንት ማለቱን በመዝገቧ ላይ ጻፈች፤ ትኩሳት የለውም ማለት ነው። ጽፋው አለፈች። ስህተቷ እዚያ ላይ ነበር።

ታኅሣሥ 3 ቀን አንሙት ፈረሱን ይዞ ተመለሰ። ቦራ ብሶበታል። ሲተነፍስ ሆዱ ሁለት ጊዜ ይገፋል፤ አንዴ ከደረቱ ጋር፣ አንዴ ደግሞ አየሩን ጨምቆ ለማውጣት። ከጎድን አጥንቱ በታች እንደ ገመድ የሚሰምር ጡንቻ ወጥቶበታል።

"እንግዲህ ልጄ፣" አለ አንሙት ልጓሙን ከእጁ ወደ እጁ እያዛወረ፣ "አንቺም የቻልሽውን አደረግሽ። መሳፍንትን ታውቂዋለሽ፤ ለደብረ ማርቆስ ጋሪዎች ፈረስ የሚገዛውን። ጥር 13 ይመጣል። ቦራ ጥር 12 ከሮጠ ሮጠ፤ ካልሮጠ ለጋሪ ይሄዳል። የማይሮጥ ፈረስ መቀለብ አልችልም።"

"አያ አንሙት፣ የሚያስል ፈረስ ጋሪ አይጎትትም።"

"ገዥው እሱ ነው፤ እሱ ይወቅበት።"

አይናዲስ ግን መጨረሻውን ታውቀዋለች። ደብረ ማርቆስ ለሥራ ልምምድ በሄደችበት ጊዜ እንዲህ የሚያስሉ አሥራ አንድ የጋሪ ፈረሶች ስም መዝግባ ነበር። በዓመቱ ስትጠይቅ ሁለተኛውን ክረምት ያየ አንድም አልነበረም። ይህን ለአንሙት አልነገረችውም። ያለችው፣ "እስከ ጥር 12 ስንት ቀን አለን?" ብቻ ነው።

"ሠላሳ ዘጠኝ።"

"ይስጡኝ።"

አንሙት ፈገግ አለ። "ቀኑ የእግዜር ነው፤ ምን ብዬ እሰጥሻለሁ?"

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የኮሌጅ መምህሯ ወደነበረው ወደ ዶክተር ታዲዮስ ስልክ ደወለች። እሱ የሚኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። የሰጠችውን መድኃኒት፣ ትኩሳት አለመኖሩን፣ ሆዱ ሁለት ጊዜ መግፋቱን ሳትደብቅ ነገረችው።

"ትኩሳት ከሌለው ምን ብለሽ አንቲባዮቲክ ሰጠሽው?" አላት።

"ተሳስቼ።"

"ጥሩ። ተሳስቼ የሚል ተማሪ እወዳለሁ። እንግዲህ ስሚ፤ የአየር ቧንቧው ነው የተቆጣው። ጀርም ላይሆን ይችላል፤ የሚተነፍሰው ነገር ሊሆን ይችላል። ጠዋት ሳይወጣ ቁጠሪው፣ ማታ ሲመለስ ቁጠሪው። ልዩነቱ የት እንደታመመ ይነግርሻል።"

በማግሥቱ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳትነግራቸው ከአንሙት ግቢ ደረሰች። የአንሙት ሚስት ማሬ የውሃ እንስራ ልታነሣ ስትል አየቻትና ደነገጠች።

"ምነው ልጄ፣ ሰው ሞተ?"

"የለም እትዬ ማሬ፣ ደህና ነው። ቦራን ከመውጣቱ በፊት ላየው ነው።"

ጋጣው ከመኖሪያ ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ማሬ በሩን ስትከፍተው ከውስጥ የወጣው የሽንት ሽታ አይናዲስን አስለቀሳት። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣራ በእበት ተለስኗል፤ ልስኑ ገና አዲስ ነው፤ መርፌ የምታስገባ ቀዳዳ የለችም። ከራስ ከፍታ በላይ በተሰቀለው ግርግም ውስጥ ጥሩ የተባለ ነጭ የጤፍ ጭድ ተሞልቷል። ቦራ አንገቱን ወደ ላይ አንጋጦ ጭዱን ሲስብ ብናኙ ዓይኑና አፍንጫው ላይ ይራገፋል። በበሩ የገባችው የጠዋት ፀሐይ ብናኙን እንደ ወንፊት ዱቄት አሳየችው።

ቆጠረች። ሠላሳ ስድስት።

ከደጅ፣ ከዋርካው ሥር፣ ጭነት የሚጫንባት ባዝራ ታስራለች። ውጭ አድራ ጀርባዋ ጤዛ ነው። የምትበላው ከመሬት የነጨችውን ሣር ነው። አይናዲስ እሷንም ቆጠረቻት። አሥራ ሁለት። ያን ጊዜ እሷ ራሷ ሁለት ጊዜ አሳለች።

"አንቺንም ያዘሽ እንዴ?" አለ አንሙት ጋቢውን እያጣፋ ከቤት ብቅ ብሎ።

"ያዘኝ፤ ግማሽ ደቂቃ ብቆይ ነው የያዘኝ። እሱ አሥራ ሁለት ሰዓት ያድርበታል። አያ አንሙት፣ ይኼን ግድግዳ መቼ ለሰኑት?"

"ሳሉ ሲጀምረው። ብርድ መቶት ነው ብዬ ቀዳዳውን ሁሉ ደፈንኩት። ማሬም በወይራ ቅጠል አጠነችው።"

"ከዚያ በኋላ ተሻለው?"

አንሙት መልስ ከመስጠቱ በፊት ማሬ ቀደመችው፤ "ባሰበት እንጂ! እኔ ብዬ ነበር፤ ማን ሰምቶኝ።"

አይናዲስ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ፣ አንድ በአንድ እየለየች ነገረችው። ብርድ አይደለም። ፈረሱን ያሳመመው ክብሩ ነው። ባዝራዋ ችላ ስለተባለች ደህና ናት፤ ቦራ ስለከበረ ተዘግቶበታል፣ ምርጥ ጭድ ተሰቅሎለታል፣ ብናኙን በየቀኑ ወደ ሳንባው ያስገባል። ቧንቧው አብጦ ጠቧል፤ ንፍጥ ይዘጋዋል። መድኃኒቱ ሦስት ነገር ነው፤ ውጭ ማደር፣ በውሃ የራሰ ምግብ፣ ደግሞም ከመሬት መብላት፤ አንገቱን ሲያወርድ ንፍጡ እንዲወርድለት።

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አንሙት ራሱን በእሺታ እየነቀነቀ ሰማ። ሦስተኛው ላይ ቆመ።

"የጥምቀት ፈረስ ከመሬት ይብላ? እንደ አህያ?"

"እንደ ባዝራዋ።"

"አባቴ ፈረስ ከመሬት አላበላም። አያቴም አላበላም። መንደሩ ምን ይለኛል?"

"መንደሩ አሁን ምን እያለዎት ነው?"

ማሬ ሳቋን ለመደበቅ እንስራዋን አንሥታ ሄደች። አንሙት ግርግሙን ለረጅም ጊዜ አየውና፣ "እሺ፤ ግን መርፌውንም ጨምሪበት፤ በሣር ብቻ አልታመንም" አለ።

መርፌውን ጨመረችበት። ያበጠውን ቧንቧ የሚያሟሽሸውን ዴክሳ የሚሉትን መድኃኒት እየቀነሰች ለዘጠኝ ቀን ወጋችው። ቀድማ ግን አስጠነቀቀችው፤ "ይኼ መድኃኒት እንደ ፈረስ ነው፤ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም። የሚዋጉት እርስዎ ነዎት፤ ከጋጣው ጋር።" መቁጠርንም አስተማረችው። እጁን በቦራ ሽንጥ ላይ አሳርፎ፣ ሲነሣ አንድ፣ ሲነሣ ሁለት። አንሙት ሰዓት ስላልነበረው የራሷን አውልቃ ሰጠችው። እሷ በስልኳ መቁጠር ጀመረች። ጠዋትና ማታ ያገኘውን ቁጥር በከሰል በበሩ መቃን ላይ እንዲጽፍ ተስማሙ።

በሳምንቱ ቁጥሩ ወደ አሥራ ስምንት ወረደ። ሳሉም ጋብ አለ። አንሙት በመንደሩ ውስጥ በሶምሶማ አንድ ዙር አዞረው። መርፌው ባለቀ በስድስተኛው ቀን ግን አይናዲስ ስትመጣ ቦራ ሆዱን ሁለት ጊዜ እየገፋ አገኘችው። በመቃኑ ላይ ያለውን አነበበች። ጠዋት ሠላሳ፣ ማታ ሃያ። ጠዋት ሠላሳ አንድ፣ ማታ ሃያ አንድ።

ዘወር ብላ አንሙትን አየችው። "የት ነው የሚያድረው?"

አንሙት መሬት መሬት አየ።

"አያ አንሙት፣ ቁጥሩን በእውነት ጽፈውታል፤ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ቀሪውን ይንገሩኝ።"

"ጋጣ ነው የሚያድረው" አለ በመጨረሻ። "ቀን ቀን ውጭ ነው። ምግቡንም በውሃ ነክሬ ከመሬት ነው የማበላው፤ ማሬ ምስክሬ ናት። ማታ ግን ጅብ አለ። ባለፈው ሳምንት የአንተነህን ውርንጫ እዚያ ማዶ በላው። እንዴት ብዬ ፈረሴን ውጭ ላሳድረው? በሳል ከሚሞት በጅብ ይሙት ነው የምትይኝ?"

አይናዲስ በመጽሐፍ የተማረችው "ውጭ ይደር" የሚል ነበር፤ ስለ ጅብ የተጻፈ ነገር አላነበበችም። ባዝራዋ ውጭ የምታድረው ብትበላም ብዙ የሚያለቅስላት ስለሌለ ነው። በጋጣው ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ልትሄድ አልተነሣችም። አንሙትም አጠገቧ ቆመ።

ማሬ ጭድ ስትነክር የረጠበ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣችና፣ "እናንተ ሁለታችሁ ምን ያስተክዛችኋል?" አለች። "ጅብ ትልቅ ነው፤ ንፋስ ቀጭን ነው። ጅብ የማያስገባ፣ ንፋስ የሚያስገባ አጥር ማጠር አቃታችሁ?"

"እንዴት ያለ?" አለች አይናዲስ።

"የጥጃ ማቆያው እንዴት ያለ ነው? የባሕር ዛፍ እንጨት ጭብጥ ጭብጥ ቦታ እየተውክ ትተክላለህ። ከታች ጉልበት ድረስ ካብ ትክባለህ፤ እንዳይቆፍር። ከላይ ክዳን። ግድግዳ የለ፣ ልስን የለ። እኔ ሴትዮዋ ልሥራላችሁ?"

አንሙት ሚስቱን አየ፤ ከዚያ አይናዲስን አየ። "አንቺ ዲፕሎማ ያለሽ፣ ለምን እሷን ቀድመሽ አልጠየቅሽም?"

"እርስዎ ሠላሳ ዓመት አብረዋት ኖረው አልጠየቁም፤ እኔ በአሥራ አምስት ቀኔ ልጠይቃት?"

ሥራው አራት ቀን ፈጀ። አንሙት ከዳገቱ ሥር ካለው የራሱ ባሕር ዛፍ አርባ ሁለት እንጨት ቆረጠ፤ ጎረቤቶቹ አንተነህና ፍሥሐ ካቡን አገዙት። አይናዲስ በሁለተኛው ቀን ስትደርስ እንጨቱን በጭብጧ እየለካች ሦስቱን አስነቅላ አስተከለች። ፍሥሐ፣ "ይህች ልጅ መሐንዲስም ሆነች እንዴ?" ሲል፣ "ጅቡ በዚህ ቀዳዳ ጋበዘችኝ እንዳይለኝ ነው" አለችው። ከገና በፊት በነበረው ሐሙስ ቦራ አዲሱ ዳስ ውስጥ አደረ። ጅቡ ማታ መጥቶ ዙሪያውን እንደዞረ ዱካው አሳየ። ቦራ በጠዋቱ ሃያ ሁለት ነበር።

ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ቀስ እያለ ወረደ፤ ሃያ አንድ፣ አሥራ ዘጠኝ፣ አሥራ ሰባት። ጠዋትና ማታው ተቀራረበ። በሆዱ ላይ የሰመረው ገመድ ደበዘዘ። ሳሉ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ሆነ፤ እሱም ውሃ ሲጠጣ ነው። መንደሩ ወሬ ጀመረ፤ ቦራ ይሮጣል የሚሉና አይሮጥም የሚሉ በሁለት ተከፈሉ። አንሙት ኮርቻውንና የበዓሉን የፈረስ ዕቃ አውጥቶ ቅቤ ቀባ።

ጥር 9 ቀን አይናዲስና አንሙት ሜዳው ላይ ተገናኙ። የተስማሙት ይህ ነበር፤ አንሙት ቦራን ከወንዙ እስከ ዋርካው ሁለት ጊዜ በግማሽ ግልቢያ ይወስደዋል፣ ከዚያ ይወርዳል፣ ሩብ ሰዓት ይጠብቃሉ። በዚያ ጊዜ ትንፋሹ ወደ ሃያ ከወረደ ይሮጣል። ካልወረደ ቧንቧው ገና ነው፤ በጥር አቧራ ሠላሳ ፈረስ ተከትሎ ቢሮጥ በአንድ ቀን በሽታው ሁሉ ይመለሳል። አይናዲስ በዚህ ላይ ለድርድር በር አልከፈተችም።

ቦራ ሮጠ። አንገቱን ሰብቆ፣ ጭራውን ለቆ፣ እንደ ድሮው ነው የሄደው። ማሬ ከዳር ሆና እልል አለች። አንሙት ወርዶ ኮርቻውን ፈታ። ሩብ ሰዓት ቆሙ። ቦራ ሁለት ጊዜ አሳለ።

"ይቁጠሩ" አለች አይናዲስ።

አንሙት እጁን ሽንጡ ላይ አሳረፈ። የእሷ ሰዓት አሁንም በእሱ እጅ ላይ ነበር። እሷ በወዲያኛው ጎን ቆማ የአፍንጫውን ቀዳዳ እያየች በልቧ ቆጠረች። ሃያ አራት ላይ ደቂቃው አለቀ። አንሙትን ጠበቀችው።

አንሙት እጁን ከፈረሱ ላይ አላነሣም። "አሥራ ዘጠኝ" ቢል የሚከራከረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷም ብትሆን የእሱን ፈረስ ከመሮጥ በጉልበት አታግደውም። ማሬ ከዳር እየቀረበች መጣች።

"ሃያ አራት" አለ አንሙት።

"እኔም ሃያ አራት።"

"በአራት ትንፋሽ?" አለች ማሬ። "በአራት ትንፋሽ ይቅር?"

"ቢሮጥስ ምን ይሆናል?" አለ አንሙት፤ ዓይኑን ከፈረሱ ሳይነቅል።

"ይሮጣል" አለች አይናዲስ። "ፈረስ ነው፤ ካዘዙት ይሮጣል። ምናልባት ያሸንፋል። ጥር 13 ግን ሠላሳ ስድስት ሆኖ ያገኙታል። ይኼን ያህል ነው የማውቀው።"

አንሙት ኮርቻውን በትከሻው አንጠለጠለና ፈረሱን በእጁ እየሳበ ሄደ። ምን እንደወሰነ አልነገራትም። ሁለት ቀን ሙሉ ከጤና ኬላው በር ወደ መንገዱ ስታይ ዋለች፤ ለራሷም ቢሆን ይህን አላመነችም።

ጥር 12 ቀን ታቦቱ ተመልሶ ሜዳው በሕዝብ ሞላ። ፈረሰኞቹ በጋሻና በጥልፍ አጊጠው ተሰለፉ። አንሙት ነጭ ለብሶ፣ በትር ይዞ፣ በእግሩ መጣ። ፍሥሐ ከፈረሱ ላይ ሆኖ ጮኸ፤

"አያ አንሙት! ፈረስዎ የት ሄደ?"

"ሣር እየበላ ነው።"

"ከመሬት?"

"ከመሬት!" አለ አንሙት ሰው ሁሉ እስኪሰማው። "አንተም ብትሞክረው ትንፋሽህ ይረዝም ነበር፤ ዳገት ላይ እንደ ወናፍ ስትነፋ ነው የማውቅህ!"

ሰዉ በሳቅ አውካካ። ፍሥሐ ራሱ ሳቀ። ውድድሩ ያለ ቦራ ተካሄደ፤ አቧራው ከዋርካው በላይ ተነሣ። አይናዲስ ከሴቶቹ መሐል ሆና አንሙትን አየችው። አንሙት ፈረሶቹን ሳይሆን አቧራውን ያይ ነበር።

በማግሥቱ መሳፍንት መጣ። አይናዲስ በአጋጣሚ አልነበረም እዚያ የተገኘችው፤ ሰዓቴን ልወስድ ነው የመጣሁት ብላ ነበር። መሳፍንት የቦራን ጥርስ አየ፣ እግሩን ዳሰሰ፣ ጆሮውን ከደረቱ አስጠግቶ አዳመጠ።

"አያ አንሙት፣ ትላንት አልሮጠም አሉኝ። በሉ እንስማማ።"

"አይሸጥም።"

"ካልሮጠ እሸጠዋለሁ ያሉት እርስዎ ነዎት። ቃልዎ እንዲህ ነው?"

"ካልሮጠ ነው ያልኩት" አለ አንሙት። "ትላንት ይሮጥ ነበር፤ ያልሮጠው እኔ አትሩጥ ስላልኩት ነው። ያን ቃል የሰጠሁህ ስለሚያስል ፈረስ ነው። ይኼን ፈረስ አላውቀውም፤ አዲስ ነው።" ከዚያ ወደ መቃኑ ጠቆመ። "ማንበብ ትችላለህ? ዛሬ ጠዋት አሥራ አምስት። አሥራ አምስት የሆነ ፈረስ ለጋሪ አልሸጥም።"

መሳፍንት ወደ አይናዲስ ዞረ። "ይኼ ያንቺ ሥራ ነው?"

"አይደለም። ቆጣሪው እሳቸው ናቸው።"

መሳፍንት ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። አንሙት ሰዓቱን ከእጁ ሊፈታ ሲል አይናዲስ አቆመችው። "እስከ ሚያዝያ ይቆይ" አለችው። "ገና አልጨረስንም።"

በየካቲትና በመጋቢት በየሳምንቱ ሐሙስ ቦራን አየችው። ሶምሶማው በየሳምንቱ አንድ ዙር እየጨመረ ሄደ። መርፌ ግን አልተወጋም። ሚያዝያ 23፣ ለጊዮርጊስ፣ የበልግ ዝናብ አቧራውን ባሳረፈበት ሜዳ ላይ ቦራ ሮጦ ሦስተኛ ወጣ፤ ትንፋሹም በሩብ ሰዓት ውስጥ ወደ አሥራ ስድስት ወረደ። በሰኔ ፍሥሐና አንተነህ የየራሳቸውን ጋጣ ግድግዳ አፍርሰው በባሕር ዛፍ እንጨት አጠሩት።